ሃያ አንድ ማርሽ እና ያረጀ ፍሬን

ቻላቸው የፊዚክስ መምህር ነው። ንፋስ መውጫ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከቻላቸው ጋር ገና አልተገናኘም ማለት ነው። ሻይ ቤት ገብቶ ሻዩ ከቀዘቀዘበት ስለ ሙቀት መተላለፍ ያስረዳል። በር ሲጢጥ ሲል ከሰማ ስለ ሰበቃ ያስረዳል። ደክሞት አርፎ የተቀመጠ ሰው ካየ ደግሞ፣ በእውነቱ ሰውየው አርፎ እንዳልተቀመጠ፣ ከመሬት ጋር በኃይለኛ ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ አስረድቶ ዕረፍቱን ይነሳዋል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ተማሪዎቹ ይወዱታል፤ አከራዩ ወይዘሮ ትርፌ ይወዱታል፤ ሰብለ ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ትወደዋለች። ይቺ የመጨረሻዋ ባትኖር ታሪኩ በሳቅ ብቻ ባለቀ ነበር።

ሰብለ ከተማው ውስጥ ነርስ ናት። አባቷ መሪጌታ ወልደማርያም የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ከከተማው በታች ባለው ደብር ያሬዳዊ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ቻላቸው በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አቶ ገብረ መድኅን የሚባሉ የሰፈር ሽማግሌን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ መሪጌታ ቤት ላከ። መጀመሪያ ሲሄዱ እንደ ወጉ "እንመካከርበት" ተባሉ። ሁለተኛ ሲሄዱ መሪጌታ ጉዳዩን ዘርዝረው አስቀመጡት።

"የልጄ ሥራ እዚሁ ከተማ ነው" አሉ። "የልጁ ትምህርት ቤት ደግሞ በአርብ ገበያ መንገድ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ነው። ከተጋቡ ወይ እሷ ሥራዋን ትተዋለች፣ ወይ እሱ ይመላለሳል። እሷ አትተውም። ስለዚህ ሲመላለስ ልየው። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ሳያጓድል ከተመላለሰ በሦስተኛው ኑ፤ መልስ አላሳጣችሁም።"

ሚዛናዊ ፍርድ ነበር። እስከዚያ ድረስ ቻላቸው ሰኞ ወርዶ እዚያው ትምህርት ቤቱ አጠገብ በኪራይ ቤት ያድርና አርብ ይመለሳል። በእግር መመላለስ መውረጃው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ፣ መውጫው ደግሞ አይወራም። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ገበያ ቀን ካልሆነ ደግሞ አይሞላም። ባጃጅ ከከተማው አፍ አይወጣም። ቻላቸው አንድ ቀን ተኩል አሰበና ለችግሩ ከአንድ በላይ መልስ እንደሌለው አረጋገጠ። ባሕር ዳር ሄዶ፣ ሰው የነዳት ነገር ግን ገና ያልደከመች አንዲት ማውንቴን ሳይክል ገዝቶ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ መጣ።

ሳይክል መግዛት ቀላሉ ነገር ነው። ማንም ይገዛል። ቻላቸው ግን ማንም አይደለም። ከኢንተርኔት ቤት ሠላሳ ገጽ አሳትሞ አምጥቶ፣ የትኛው ዕቃ ተነስቶ በየትኛው እንደሚተካ በደብተር አሰፈረ። በአንድ ገጽ ላይ ብስክሌቷን ሥሎ ቀስት በቀስት አደረጋት። እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሣለው ሊታረድ ለቀረበ በሬ ሲሆን ነው፤ እዚህ ጋ ታናሽ፣ እዚያ ጋ ጎድን እያሉ።

ደብተሩን ይዞ ወደ ዳኛቸው ሄደ። ዳኛቸው አውቶቡስ ተራው አጠገብ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ጎማ የሚጠግኑ፣ ሳይክል የሚያከራዩ የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የአንድ ባላባት በቅሎ ይስቡ ነበር፤ ባላባቱም በቅሎዋም ሲያልፉ በቀራቸው እውቀት ወደ ሳይክል ተሻገሩ። ብስክሌቷን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ጎማዋን ጫን አድርገው ለቀቁ፤ ከዚያ ቻላቸው ደብተሩን ሊዘረጋ ሲል ጥያቄ ጀመሩ።

"በመንገድህ ስንት ቤተ ክርስቲያን አለ መምህር?"

"ሦስት። ምነው አያ ዳኛቸው?"

"ቁልቁለት ላይ ነው ሜዳ ላይ?"

"ሁለቱ ቁልቁለት ላይ ናቸው። አንዱ መታጠፊያው ሥር ነው።"

"የሬሳ መንገድስ ያገኝሃል?"

"በየደብሩ መግቢያ ያገኘኛል መሰለኝ።"

"አርብ አርብ ገበያተኛ ሽማግሌ ይበዛበታል?"

ቻላቸው ሳቀ። "አያ ዳኛቸው፣ እኔ የመጣሁት ለሳይክል ነው። የሕዝብ ቆጠራውን መንግሥት ጨርሶታል።"

ዳኛቸው አልሳቁም። "እኔም ስለ ሳይክል ነው የምጠይቅህ" አሉ። "ጌታዬን በበቅሎ ስወስድ ቤተ ክርስቲያን ካየን እንወርዳለን፣ ሬሳ ካገኘን እንወርዳለን፣ በዕድሜ የሚበልጠን ሰው ከመጣ እንወርዳለን። መቆም የማታውቅ በቅሎ እህል ትጫንባት ነበር እንጂ ጨዋ አይቀመጥባትም። አንተ ደግሞ በዚህ መንገድ ጧት ጧት ስትወርድ ቢያንስ አምስት ጊዜ ልትቆም ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ፍሬን አዲስ አድርግ፤ ጫማውንም ሽቦውንም። ይኸው እየው፣ የፍሬኑ ጫማ፣ ቸርኬውን የሚይዘው ላስቲክ፣ አልቆ ብረቱ ሊወጣ ነው። ከዚያ መቀመጫውን ዝቅ አድርገው፣ እግርህ መሬት ይንካ፤ ስትወርድ እንዳትንገዳገድ። ጭቃ መከላከያ አድርግ፣ የክፍል ሱሪህ ነው። ጎማውን መካከለኛ ጥርስ ያለው ያዝ፤ ጠጠሩን ይነክሳል፣ ከተማ ውስጥም አይከብድህም። ማርሽ አምስት ስድስት ይበቃሃል። ዳገቱ እንቢ ካለህ ወርደህ ትገፋለህ። ዳገት ላይ ሲገፋ የታየን ሰው ማንም አያማውም።"

ይህ ሁሉ ሳይከፈልበት የተሰጠ ምክር ነበር፤ ቻላቸውም በነፃ የተሰጠ ዕቃ ሁሉ እንደሚታየው አየው። ሳይክል ከነዱት ሰዎች ይልቅ ስለ ሳይክል ያነበበ ሰው የበለጠ እንደሚያውቅ ጥርጥር አልነበረውም። ዳኛቸው ሠላሳ ገጽ አላሳተሙም።

ማታ ደብተሩ ላይ እንዲህ ብሎ ሠራው። መንገዱ ላይ በሰዓት አንድ ካሚዮን ቢያልፍ ነው። ስለዚህ የሚያስቆም ነገር የለም። ከንፋስ መውጫ ከፍታ ሲወረድ ያለ ምንም ድካም የሚገኝ ጉልበት አለ፤ ፍሬን ማለት ይህን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይሮ ለአየር የሚሰጥ አባካኝ ዕቃ ነው። አሮጌው ፍሬን ገና ይይዛል፤ ሙሉ በሙሉ ባይይዝም ከፊሉን ይይዛል። ድካሙ ያለው ዳገቱ ላይ ነው። እንግዲያውስ ሀብቱ ሁሉ ወደ ዳገቱ ይሂድ። ሒሳቡ ልክ ነበር። አንድም የመደመር ስሕተት አልነበረበትም። የቀረው ሰው ብቻ ነበር፤ ሰው ደግሞ በቀመሩ ውስጥ ምልክት አልተሰጠውም።

እናም የሃያ አንድ ማርሽ ሙሉ ዕቃ አስመጣ። ፊት ለፊት ጎማውን የሚይዝ፣ ሞላ ያለው ሹካ አስገጠመ። ጥርሳቸው እንደ ትራክተር የሆኑ ሰፋፊ ጎማዎች አደረገ። የአሉሚኒየም ፔዳል አደረገ። ስንት ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚሄድ የሚናገር መለኪያ መሪው ላይ ሰካ። ከመለኪያው አጠገብ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሲያያት ልቡን የወሰደችውን የምታብረቀርቅ ደወል አሰረ፤ ድምፅዋ ከቅዳሴ ቃጭል አይተናነስም። ዳኛቸው ሁሉንም ገጠሙለት። ሲጨርሱ ያለቀውን የፍሬን ጫማ በጥፍራቸው ነካ አድርገው "ይኸስ?" አሉ።

"ለሚቀጥለው ባሕር ዳር ስሄድ" አለ ቻላቸው። የሚቀጥለው የምትባለው ቀን መቼ እንደሆነች ግን በደብተሩ አልተጻፈም።

ጥቅምትና ኅዳር አለፉ። እውነቱን መናገር ካለብን ጥሩ አለፉ። ቻላቸው ጧት አንድ ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ አሥር ሰዓት ላይ በሃያ አንድ ማርሹ እየተመነዘረ ዳገቱን ይወጣል። ደብሮቹ አጠገብ ሲደርስ ሁለቱንም ፍሬን ጨምቆ፣ ግራ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ከቅጥሩ በር ሃያ ሠላሳ ሜትር አልፎ ይቆምና ወደ ኋላ ተመልሶ ይሳለማል። የሩቅ ሰው ሲያየው ከመጠን በላይ መንፈሳዊ ይመስላል። መሪጌታ ወልደማርያም መታጠፊያው ሥር ካለው ደብራቸው ቅጥር ውስጥ ሆነው በየጧቱ ያዩት ነበር። ተመልሶ ሲሳለም እያዩ ለተማሪዎቻቸው "ይኸ ልጅ ከበሩ አልፎ ይወርዳል እንጂ ሳይሳለም አይሄድም" ብለዋል አሉ። ቻላቸው እየረታ ነበር።

ግራ ጫማው ግን አላሸነፈም። አንድ እሑድ ሰብለ ከሥራ ወጥታ አብረው ሲሄዱ ቁልቁል አየችና ቆመች።

"ቻሌ፣ ይኸ ጫማህ ምን ሆኖ ነው? ቀኙ አዲስ፣ ግራው ጨርቅ።"

"ሰበቃ ነው" አለ በኩራት።

"ፍሬን ነዋ። ፍሬን የለህም ማለት ነው።"

"አለኝ። በከፊል አለኝ።"

"ከፊል ፍሬን የሚባል ነገር አለ?" አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ስትስቅ እሱ የመጀመሪያውን የኒውተን ሕግ እንኳ ይረሳል። "አሠራው። አባቴ ሊሰጡኝ ትንሽ ነው የቀራቸው።" እጁን ያዘችው። ቻላቸው ያቺን ልጅ ይወዳታል፤ በዚህ ነገር ላይ ማላገጥ አይቻልም፤ በመላው የላይ ጋይንት ወረዳ እንደሱ የሚወዳት አልነበረም። ከነገ ወዲያ አሠራዋለሁ አላት።

ታኅሣሥ ገባ። ንፋስ መውጫ በታኅሣሥ ጧት አመዳይ ይጥላል፤ የሣሩ ጫፍ ነጭ ይሆናል፣ የብስክሌቱ ብረት ጣት ያጣብቃል። ያን ሰኞ ቻላቸው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። የመጀመሪያውን ደብር በግራ እግሩ ጫማ ተሳለመ። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ጨመቀ፤ ያለቀው ጫማ በአመዳይ የረጠበውን የቸርኬ ብረት ዳስሶ ተወው። ጨመቀ፤ አሁንም ዳሰሰው። መታጠፊያውን ታጠፈ።

ከመታጠፊያው ሥር እማሆይ ላቀች ይቀበሩ ነበር። የደብሩ ታላቅ መነኩሲት ናቸው፤ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ሬሳው ያለበት አልጋ በአራት ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ቅጥሩ በር ሊታጠፍ ነው። ፊት ፊት መሪጌታ ወልደማርያም መቋሚያቸውን ይዘው እየመሩ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግራ ቦይ፣ በቀኝ ገደል።

ቻላቸው ምን ያድርግ? እጁ ያገኘችው ደወሏን ነበር። ደወለ። የቅዳሴ ቃጭል የመሰለችው ደወል በሙሾው መሃል ጮኸች፤ ሕዝቡ ዞሮ አየ፤ ለሁለት ተከፈለ። የአልጋው ተሸካሚዎች እማሆይ ላቀችን ይዘው ቦይ ውስጥ ገቡ። በዚያ መሃል ቻላቸው አስተዳደጉ ትዝ አለው፤ ሬሳ ፊት ኮፍያ አድርጎ አይታለፍም። ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቶ ኮፍያውን አወለቀ። በዚህም የቀረችውን የፊት ፍሬን ለቀቀ። መሪጌታን በሁለት ክንድ ርቀት አለፋቸው፤ ኮፍያውን እንዳነሳ፣ ራሱን ዝቅ እንዳደረገ፣ "ነፍስ ይማር" እንዳለ። ከፊታቸው የተነሳው ኮፍያ ለሟች ይሁን ለሳቸው፣ አክብሮት ይሁን ፌዝ፣ ማንም መለየት አልቻለም።

መለኪያው በዚያች ሰዓት ሃምሳ ሁለት አሳየ። በኋላ ይህን ቁጥር የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አልወደቀም። ይህም አንዱ ጥፋቱ ነው። ቢወድቅ፣ ቢደማ፣ አንድ ጥርስ ቢያጣ ነገሩ ሁሉ ወዲያው በተገለጸ ነበር። ሞላው የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ዋጠለት፤ ሰፋፊዎቹ ጎማዎች ጠጠሩን ያዙለት፤ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ወርዶ ተቃራኒው ዳገት ላይ በራሱ ቆመ። ከዚያ ዞረ። ሃያ አንዱንም ማርሽ ፈትሾ፣ ልቡ ሊወጣ እስኪደርስ ገፍቶ ተመልሶ ወጣ። ሲደርስ ቀብሩ አልቋል። ሕዝቡ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ብስክሌቱን አጋድሞ ቢቀርብ ማንም ቦታ አልለቀቀለትም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከገደሉ ማዶ ያዩ ነበር፤ ወደሱ አልዞሩም።

ያን ሳምንት አውቶቡስ ተራም ገበያም ሌላ ወሬ አልነበረም። "መምህሩ መነኩሲቷን ደውሎ ከመንገድ አስወጣ" ተባለ። "ጥጋብ ነው" ያሉም ነበሩ፤ "ፊዚክስ ነው" ያሉም ነበሩ።

የጥምቀት ማግስት ሦስተኛው ቀጠሮ ደረሰ። ከመሄዳቸው በፊት አቶ ገብረ መድኅን ቻላቸውን ቤታቸው ጠርተው አስቀመጡት።

"ፍሬኔ አልሠራም ልትላቸው ነው?"

"አዎ። እውነቱ እሱ ነው።"

"እንዳትለው" አሉ አቶ ገብረ መድኅን። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያለ ፍሬን ገደል የሚወርድ ሰው ልጅ አይሰጠውም። ነገ ልጄን ጥቁር ያስለብሳታል ይላሉ። ቸኩዬ ነው በል፣ ክፍለ ጊዜ ረፍዶብኝ ነው በል። ይኸ ድፍረት ነው፤ ድፍረት ይቅር ይባላል። ድንጋይ ተሸክመህ ግባ፣ እግራቸው ላይ ውደቅ። ያልቃል።"

ሦስት አዋቂ ሰዎች፣ በአንድ ላይ መቶ ሰማንያ ዓመት የኖሩ፣ ይህን መከሩት። የዳኛቸውን ምክር ያልሰማው ቻላቸው ይኼኛውን ሰማ። ምክር የሚመርጠው ልክ ዕቃ እንደሚመርጠው ነበር።

የይቅርታውንም ድንጋይ ራሱ መረጠ። ለዓይን ትልቅ የሚመስል፣ ለማጅራት የማይከብድ፣ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ከወንዝ ዳር አገኘ። ተሸክሞት ገባ፤ ከመሪጌታ እግር ሥር ተደፋ። ሰብለ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

"ድንጋዩን አውርድ ልጄ" አሉ መሪጌታ። "ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። ይኸ አልቋል። አሁን ቀና በልና ንገረኝ። ለምን አልወረድክም?"

ቻላቸው አቶ ገብረ መድኅንን አየ። አቶ ገብረ መድኅን ምንጣፉን አዩ።

"ክፍለ ጊዜ ረፍዶብኝ ቸኩዬ ነው መሪጌታ።"

"ሬሳውን ሳታየው ቀርተህ ነው?"

"አይቼዋለሁ።"

"እኔንስ?"

"እርስዎንም አይቻለሁ።"

"ደወሉንስ ለምን ደወልክ?"

"መንገድ እንዲለቁልኝ ነው።"

ከአንዱ መልስ ሌላው እየከፋ መሄዱን ቻላቸው ራሱ ይሰማው ነበር። መቆሚያ ግን አጣ፤ አንዴ ከላይ ለቆታል።

መሪጌታ በዝግታ "ልጄ ፍሬኑ እንቢ ብሎት ነው ብላ ምላልኝ ነበር" አሉ። "ባሳደገችኝ እናቴ ብላ ነው የማለችልኝ። እኔም ብረት ነው፣ ብረት በሰው ላይ ይጨክናል፣ ይጠገናል ብዬ ተቀብዬ ነበር። ዛሬ የጠየቅሁህ ሽማግሌዎቹ ከአፍህ እንዲሰሙት ብዬ ነው።"

ቻላቸው ተነሣ። "እውነቷን ነው መሪጌታ! ፍሬን አልነበረኝም። ከመስከረም ጀምሮ አልነበረኝም።"

"አሁን የቱን ልመን?" አሉ መሪጌታ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለ ነበር። "ይቅርታዬን አልመልስም። ልጄን ግን አይቶኝ ላልወረደውም አልሰጥም፣ ፊቴ ለዋሸኝም አልሰጥም። ከሁለቱ የቱ እንደሆንክ አንተ ታውቃለህ።"

ሽማግሌዎቹ ወደ ጓዳው በር አዩ፤ ዘመኑ ተለውጧል፣ ልጅቷ ነርስ ናት፣ እንቢ ብላ መውጣት ትችላለች። ሰብለም ተናገረች። ግን ለአባቷ አልነበረም።

"በእናቴ ነው እኮ የማልኩልህ" አለችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

ቻላቸው ባዶውን ድንጋይ ይዞ ወጣ። በሳምንቱ ባሕር ዳር ሄደና ገበያ ላይ የተገኘውን ምርጥ ፍሬን ገዛ። በዓመቱ ደግሞ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከተማ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት አዛወረው፤ ከቤቱ እስከ ክፍሉ ሁለት መቶ ሜትር ሜዳ ነው። በሃያ አንድ ማርሽ ይሄደዋል።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ከገበያው ወደ ታች ሲወርድ ሰብለን አገኛት። አንድ የጤና መኮንን አግብታ ልጅ አዝላለች። ቻላቸው ፍሬኑን ጨመቀ፤ ብስክሌቷ ድምፅ ሳታሰማ ቀጥ አለች። ወረደ፤ ኮፍያውን አወለቀ።

"ዛሬስ ቆምክ" አለችው።

ሊላት የፈለገው ሌላ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በልቡ ያዘጋጀው፣ ከስንት ሌላ ቃል የመረጠው ነገር ነበረው። አፉ ግን ስለ ፍሬኑ ጫማ ጀመረ፤ ጎማው ከምን እንደተሠራ፣ ሽቦው በምን ቅባት እንደሚታሽ፣ በአመዳይም በዝናብም እንዴት እንደሚይዝ አስረዳት። እሷም በሽተኛ እንደምታዳምጥ ሆና እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሲጨርስ ጠየቀችው።

"ያኔ የማልኩት እውነት ነበር፣ አይደለም?"

"እውነት ነበር።"

"ያኔ መጀመሪያ ስትጠየቅ እሱን ብቻ ነበር እንድትልልኝ የፈለግሁት" አለችና አንቀልባዋን ወደ ላይ አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።